ሲንተሳይዘር ለማን ተሠራ?

ስለ ሲንተሳይዘር ታሪክ የተጻፈው ሁሉ አንዲት ነገር ሳይመረምር ያልፋል፤ መሣሪያው የተሠራው ለሰው ነው ብሎ ይጀምራል። ለዚህ አባባል ማስረጃ ያቀረበ የለም። ሲንተሳይዘርና ድመት አንድ ጣሪያ ሥር በሚኖሩበት ቤት ሁሉ መሣሪያው ላይ ብዙውን ሰዓት የምታሳልፈው ድመቷ ናት። ድመት በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት ትተኛለች፤ ሙዚቀኛው ግን እንጀራ ፍለጋ ይወጣል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ስለ ድምፁ ከጎረቤት ጋር ይነታረካል፣ የተረፈችውን አንድ ሰዓት ደግሞ የትኛው ገመድ የት እንደሚሰካ ሲፈልግ ይጨርሳታል። በይዞታ ቢሆን ክርክሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ጥናት ግን በይዞታ ብቻ አይጸናምና፣ ይህ ጽሑፍ ከመሣሪያዎቹ አሠራር ተነሥቶ አንድ ሐሳብ ያቀርባል፦ ከ1964 ጀምሮ በሲንተሳይዘር ላይ የታዩት ታላላቅ ለውጦች በሙሉ የድመትን ፍላጎት ደረጃ በደረጃ ለማሟላት የተደረጉ ናቸው፤ የሰው ድርሻ የመብራት ሒሳብ መክፈል ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ድመቶቹ የትኛውንም አቆጣጠር ስለማይከተሉ በዚህ በኩል ቅሬታ አይጠበቅም።)

ከ1964 በፊት የተደረጉት ሙከራዎች የከሸፉት በአቀማመጥ ስሕተት ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የታተሙ መጻሕፍት “የድመት ፒያኖ” የሚባል ነገር ይገልጻሉ፤ ጋስፓር ሾት የተባለው ጀርመናዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በ1657 ባሳተመው መጽሐፍ ሥዕሉን ሳይቀር አስቀምጦታል። ድመቶች እንደ ድምፃቸው ቅጥነትና ውፍረት በሳጥን ይደረደራሉ፤ ቁልፍ ሲነካ ጅራታቸው ይወጋና ይጮኻሉ። ከወረቀት አልፎ ስለመሠራቱ የተረጋገጠ ነገር የለም፤ ይህም ለድመቶቹም ለሰፈሩም በጎ ነው። ጭካኔውን ለሥነ ምግባር ሊቃውንት ትተን በንድፍ ዓይን ብቻ ብናየው ጉድለቱ ግልጽ ነው። ድመቷን ከመሣሪያው ውስጥ አስገቧት፤ ቦታዋ ላዩ ነበር። በ1730ዎቹ መጨረሻ የታተመው የዶሜኒኮ ስካርላቲ ሶናታ፣ ሰዎች “የድመት ፉግ” የሚሉት፣ በዚህ ረገድ አንድ እርምጃ ወደፊት ነው፤ ድመቱ በሃርፕሲኮርዱ ቁልፎች ላይ ስትራመድ ከሰማው ድምፅ ተነሥቶ ደረሰው ይባላል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ስካርላቲ ሳይሆን የ19ኛው መቶ ዘመን ሰዎች ስለሆኑ ጠንቃቃ ተመራማሪ በዚህ ወሬ ላይ ቤት አይሠራም። ወሬው እውነት ቢሆን እንኳ ድመቷ ተራምዳ አለፈች እንጂ አልተኛችም። ሃርፕሲኮርድ ቀዝቃዛ እንጨት ነው፤ የጎደለው ሙቀት ነበር።

ሙቀቱ በ1964 መጣ። ሮበርት ሙግ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ትሩማንስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከአቀናባሪው ኸርበርት ዶይች ጋር እየተመካከረ በቮልቴጅ የሚታዘዘውን መሣሪያ ሠራ። የአሠራሩ ፍሬ ነገር አንድ ቮልት በተጨመረ ቁጥር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ከፍ ማለቱ ነው። ይህን ስሌት የሚሠራው ትራንዚስተር ግን ለሙቀት ደካማ ነው፤ ማረሚያ ካልተደረገለት የአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለውጥ የኦክታቩን ስፋት አንድ ሦስት መቶኛ ያህል ያዛባዋል። የዚያ ዘመን መሣሪያዎች አስቀድመው በርተው መቆየት ያለባቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ እስኪሞቁ ድረስ ቅኝታቸው ይንሸራተታል። መሐንዲሶች ይህን እንደ ጉድለት ያወሩታል። ጥያቄው ግን ሙዚቀኛው ገና ሳይመጣ መሣሪያውን አስቀድሞ እንዲሞቅ የሚያስገድድ ንድፍ ማንን ይጠቅማል ነው። ድመት ሰውነቷን ለማሞቅ ተጨማሪ ጉልበት ሳታወጣ የምትኖርበት የአየር ሙቀት ከ30 እስከ 38 ዲግሪ ነው፤ ለሰው የሚስማማው 21 ዲግሪ ለሷ ብርድ ነው። ውለታውም የአንድ ወገን አልነበረም። ከ38 ዲግሪ በላይ የሆነ፣ ከክፍሉ አየር ጋር ቶሎ ቶሎ የማይለዋወጥ ሆድ በክዳኑ ላይ ሲያርፍ ድምፁን የሚያመነጩት ኦሲሌተሮች የሚናፍቁትን እርጋታ ያገኛሉ። በኋላ አንዳንድ አምራቾች በውስጡ ማሞቂያ ያለው፣ የራሱን ሙቀት ሳያዛንፍ የሚጠብቅ ቺፕ ገጠሙ። ይህ ቺፕ በአጭሩ ከሲሊከን የተሠራች ድመት ነው። የማትበላ መሆኗ ዋጋዋን አልቀነሰውም።

እዚህ ላይ የተለመደው መቃወሚያ ይነሣል፦ ድመት ምድጃ ዳርም ትተኛለች፤ ታዲያ ምድጃም ለድመት ተሠራ ልንል ነው? ይህን መቃወሚያ የሚያነሡ ሰዎች ምድጃው ለማን እንደተሠራ አጣርተው አይመስልም። ለማንኛውም ምድጃ ቁልፍ የለውም። ሙቀት ብቻ ቢሆን ጉዳዩ ድመቷ ከመሣሪያው ጀርባ፣ ትራንስፎርመሩ ካለበት ጥግ ተኝታ በቀረች ነበር። ቁልፎቹ ላይ መውጣቷ፣ ያውም ቀረጻ ሲጀመር መውጣቷ፣ ከሙቀት ያለፈ ጉዳይ እንዳላት ያሳያል።

የቁልፎቹና የማዞሪያዎቹ ታሪክ የዚህ ጥናት ጠንካራ ክፍል ነው። በ1970 የወጣው ሚኒሙግ ፊቱ በማዞሪያ የተሞላ ነው፤ ማዞሪያ ደግሞ አውራ ጣት ይፈልጋል። ድመት አውራ ጣቷ ከሌሎቹ ፊት ለፊት አይመጣም። ስለዚህ ሚኒሙግ ላይ ማድረግ የምትችለው ነገር መጎንበስና ማዞሪያውን በጉንጯ ማሸት ብቻ ነበር፤ ይህም የድምፅ ማጣሪያውን (ፊልተሩን) በትንሹ ይከፍተዋል፣ የጥበብ ደረጃው ግን ውስን ነው። ችግሩን ቀድሞ የተረዳው ዶን ቡክላ ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ የቴፕ ሙዚቃ ማዕከል ለነበሩት ለሞርተን ሱቦትኒክና ለራሞን ሴንደር በሠራው መሣሪያ የፒያኖ ቁልፍ አላስገባም፤ በምትኩ ቆዳ ሲነካቸው የሚሰማቸው የብረት ገጾች አደረገ። የድመት መዳፍ ከሰውነቷ ሁሉ ፀጉር የሌለበትና ላብ የሚያመነጭ ቦታ ነው። ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች አጠገብ ለአጠገብ ያነበበ ሰው ተጨማሪ ማብራሪያ አይፈልግም። የለንደኑ ኢኤምኤስ ኩባንያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ሲንቲ ኤኬኤስም በዚሁ መንገድ ሄዷል፤ ኪቦርዱ ምንም የሚወርድ ቁልፍ የሌለው፣ በመነካት ብቻ የሚሠራ ልሙጥ ሰሌዳ ነው።

በ1983 የወጣው ያማሃ ዲኤክስ7 ነገሩን ከፍጻሜ አደረሰው። ማዞሪያዎቹ ጠፉ፤ በቦታቸው ከገጹ እኩል የሆኑ፣ በመዳፍ ጫን ሲባሉ የሚሠሩ ልሙጥ መጫኛዎች በሰልፍ ተደረደሩ። ሙዚቀኞች ወዲያው ማማረር ጀመሩ፤ ድምፅ መሥራት አስቸጋሪ ሆነ፣ ስድስቱን ኦፕሬተርና ሠላሳ ሁለቱን አልጎሪዝም በአንዲት ጠባብ መስኮት እያዩ ማስተካከል ያደክማል አሉ። ቅሬታቸው ትክክል ነው፤ የተሳሳቱት መሣሪያው ለነሱ ታስቦ እንደተሠራ በማሰባቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ድመት ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ስታልፍ ከኤሌክትሪክ ፒያኖ ወደ ደወል፣ ከደወል ወደ ባስ ያለ ማንም እገዛ መሻገር ቻለች። በዲኤክስ7 ውስጥ “የማኅደር ጥበቃ” የሚባል አሠራር አለ፤ ይህን ሆን ብሎ ያላነሣ ሰው በመሣሪያው ውስጥ የተቀመጠውን ድምፅ መለወጥ አይችልም። ሰው ብቻ በሚኖርበት ቤት ይህን ያህል ጥንቃቄ ምን አስፈለገ? ሌባ ይሰርቀዋል እንጂ ድምፁን አይለውጠውም።

ያው ዓመት ሚዲ የተባለው የመሣሪያዎች መግባቢያ የወጣበት ነው። ሚዲ አንድ ቁልፍ ምን ያህል ተመትቶ እንደወረደ ከ1 እስከ 127 በሚደርስ ቁጥር ይመዘግባል። የሰው ጣት በስሜት ሲሞቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርስባቸው ቁጥሮች ከመካከል በላይ ያሉት ናቸው፤ ታችኛዎቹ፣ ከ1 እስከ 20 ያሉት፣ ባለቤት ያጡ ይመስሉ ነበር። አሁን ባለቤታቸው ታውቋል። የድመት አረማመድም የራሱ ሥርዓት አለው፤ የኋላ እግሯን የፊቱ በረገጠበት ቦታ ላይ ታሳርፋለች። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ ኖታ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ጊዜ ይደገማል። ሙዚቀኞች ይህንኑ ውጤት ለማግኘት ዲሌይ የሚባል ሌላ ሣጥን ይገዛሉ።

በአንድ ጊዜ ስንት ድምፅ ይወጣል የሚለውም ጥያቄ ሲመረመር ወደዚያው ይመራል። ሚኒሙግ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ብዙ ቁልፍ አብሮ ሲያዝ ከሁሉ ዝቅ ያለውን ይመርጣል። አራት እግር ይዛ የቆመች ፍጡር በዚህ መሣሪያ ላይ ሦስት እግሯ ሳይሰማ ይቀራል። ግፉ ለስምንት ዓመት ዘለቀ። በ1978 ሲኩዌንሻል ሰርኪትስ የተባለው ኩባንያ ፕሮፌት-5ን አወጣ፤ ድምፆቹም አምስት ሆኑ። የታሪክ ጸሐፊዎች ለምን አምስት ተባለ ሲባሉ የወጪና የቴክኒክ ምክንያት ይደረድራሉ። አራት መዳፍና አንድ ጅራት ስንት እንደሚሆን ግን ማንም ሲደምር አልታየም። የዲኤክስ7 16 ድምፅ ለጊዜው ሐሳባችንን የሚያናጋ ይመስላል፤ 16 እግር ያላት ድመት የለችምና። መልሱ ከቆመችው ድመት ወደ ተኛችው መሻገር ነው። የኦክታቭ ስፋት 16 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ የድመት ገላ ያለ ጅራቱ 46 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ተዘርግታ ስትተኛ ጥቁሮቹ ሲጨመሩ ሠላሳ ሦስት ያህል ቁልፍ ትሸፍናለች ማለት ነው። 16 ድምፅ ግማሿን ብቻ ነው የሚያስተናግደው። አምራቾቹ ይህን ተገንዝበው ቁጥሩን እየጨመሩ ሄዱ፤ በ1999 የወጣው ኮርግ ትራይተን 62 ደረሰ። አሥር ጣት ላለው ሰው 62 ድምፅ ምን ያደርግለታል ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ የፔዳልና የተደራረበ ድምፅ ጉዳይ ነው። መልሱ በከፊል ልክ ነው። ሁለተኛ ድመት ብትመጣም ቦታ እንደሚተርፍ ግን አይናገርም።

“ድመት ሙዚቃ አይገባትም” የሚለው መቃወሚያ ከሌሎቹ ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የሚያነሡት ሰዎች ራሳቸው ከዚህ የተሻለ ነገር አዳምጠው አያውቁም ብሎ ማለፍ ቀላል ነበርና። በ2015 በታተመ ጥናት 47 የቤት ድመቶች ሁለት ዓይነት ሙዚቃ ተከፍቶላቸው ነበር። ለሰው የተደረሰው፣ ባኽም ጭምር ያለበት፣ ብዙም ግድ አልሰጣቸውም። ዴቪድ ታይ የተባለው ቼሎ ተጫዋች ለድመት ብሎ ወዳዘጋጀው፣ በድመት የድምፅ ከፍታና ምት ወደተሠራው ግን ዞር አሉ፣ ወደ ስፒከሩም ተጠጉ። ድመት ሙዚቃ አይገባትም ማለት እንግዲህ አይቻልም፤ የኛን አትወድም ማለት ይቻላል። ምክንያቱም አለ። ሄፍነርና ሄፍነር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 እንዳሳዩት ድመት እስከ 85 ኪሎኸርትዝ ትሰማለች፤ የሰው ጆሮ ቢበዛ 20 ላይ ያቆማል። ሲዲ ደግሞ ከ22 ኪሎኸርትዝ ትንሽ ከፍ እንዳለ ይቆርጠዋል። ድመቷ በሲዲ ስትሰማ ወደ ሁለት ኦክታቭ የሚጠጋ ሙዚቃ ተቆርጦባታል ማለት ነው፤ ባኽን ባትወድ አይፈረድባትም። አንድ ብልህ ተከራካሪ ስፒከሩም እኮ ያን ያህል ከፍ ያለ ድምፅ አያወጣም ሊል ይችላል። እውነቱን ነው። ድመት ከስፒከሩ ፊት ሳይሆን መሣሪያው ራሱ ላይ የምትተኛውም ለዚህ ነው፤ ትራንስፎርመሩ፣ ቺፑ፣ የኃይል ማስተካከያው የሚያሰሙትን እኛ የማንሰማው ጩኸት ከምንጩ ታዳምጣለች።

ዝምድናው በጆሮ ብቻ አያበቃም። ድመት ደስ ሲላት ጉሮሮዋ ውስጥ የምታሰማው ያ እርርርታ ከ25 እስከ 30 ኸርትዝ አካባቢ ይወርዳል፤ ብዙ ባስ ስፒከሮች የሚፈሩት ቦታ ነው። ለረጅም ጊዜ ይህ ድምፅ አንጎል በሚልከው ተከታታይ ትእዛዝ ጡንቻ እየተኮማተረ የሚፈጠር ነው ሲባል ቆይቶ፣ በ2023 በቪየና ዩኒቨርሲቲ የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን የድመት ማንቁርት አየር ብቻ ሲነፋበት፣ ያለ አንጎል ትእዛዝ፣ በዚያው ዝቅተኛ ድምፅ ሊርገበገብ እንደሚችል አሳየ። ኃይል ሲሰጠው በራሱ የሚወዛወዝ ነገር በሙያው ቋንቋ ኦሲሌተር ይባላል። ማን ከማን ቀዳ የሚለው ደግሞ በቁፋሮ የተዘጋ ጉዳይ ነው፤ ቆጵሮስ ውስጥ ከሰው አጠገብ የተቀበረች ድመት አፅም የተገኘ ሲሆን ዕድሜው 9,500 ዓመት ገደማ ነው። ሙግ 1964 ነው።

ሳይንሳዊ ጥናት ማነጻጸሪያ ይፈልጋል፤ ድመት ያልደረሰበት መሣሪያ ምን ይሆናል? ለዚህ ከኛው ሰው የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሙግ ሲንተሳይዘር፣ ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ከዲኤክስ7 ጋር አዋሕዶ ካሴት ቀረጸ። አኮርዲዮን ሲዘረጋና ሲታጠፍ ስለሚውል የሚያስተኛ ገጽ የለውም፤ ይህም ለጥናታችን ጠቃሚ መረጃ ነው። ኃይሉ በኋላ የዱለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ይዞ እየዞረ ተራ በሚጠብቅበት ሰዓት ይለማመድ እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። የመኪና ዕቃ መጫኛ ክዳኑ ይዘጋል። ከዓመታት በኋላ ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲያጨበጭብለትና ተመልሶ መድረክ ላይ ሲወጣ ጣቶቹ ያልዶለዶሙት ለምን እንደሆነ ተቺዎች ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ክዳኑ የጻፈ ግን የለም። አገር ቤት በአንጻሩ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ላይ ዳንቴል ማልበስ የቆየ ልማድ ነው፤ ሳሎን የገባ ኪቦርድም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም። እናቶች ከአቧራ ለመጠበቅ ነው ይላሉ። እናቶች ያሉትን መጠራጠር ነውር ስለሆነ፣ አንሶላም ፍራሽን ከአቧራ እንደሚጠብቅ ብቻ ጠቁመን እናልፋለን።

ከባዱ ፈተና የመጣው መሣሪያዎቹ እያነሱ ሲሄዱ ነው። ያማሃ በ1970ዎቹ የሠራው ሲኤስ-80 ከ80 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት (ሰፈሩን ማለታችን አይደለም) የሱ አንድ ሃያኛ ናት። በ2011 የወጣው የስዊድኑ ኦፒ-1 ግን 600 ግራም አይሞላም፤ እዚህ ላይ ድመቷ መሣሪያውን ስድስት እጥፍ ትበልጠዋለች። ያውም ያ ጠፍጣፋ ነገር አይሞቅም። ከ1996 ወዲህ፣ ስታይንበርግ ቪኤስቲ የተባለውን አሠራር ካወጣ በኋላ፣ ብዙው ሲንተሳይዘር ጭራሽ ገላ አጥቶ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ሐሳባችን እዚህ ይወድቃል ያሉ ነበሩ። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም፤ ላፕቶፑ ላይ ወጣች፤ እሱም ይሞቃል፣ እሱም ቁልፍ አለው። የጀርመኑ ዲተር ዶፕፈር በ1990ዎቹ አጋማሽ ያስጀመረው ዩሮራክ የተባለው የሲንተሳይዘር ዓይነት ደግሞ ገጹ እንደ ግድግዳ የቆመ ስለሆነ አልጋ አይሆንም፤ በካሣው ግን ፊቱ ላይ የሚወዛወዙ በደርዘን የሚቆጠሩ ባለ ቀለም ገመዶች አሉት፤ ድመቷም ካሣውን ተቀብላለች። ለትንንሾቹ መሣሪያዎች የተገኘው መፍትሔ ከሁሉ የረቀቀ ነው። በ2014 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት መጠለያ የገቡ ድመቶች መደበቂያ ሣጥን ሲሰጣቸው ጭንቀታቸው ቶሎ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እያንዳንዱ አዲስ ሲንተሳይዘር ደግሞ በካርቶን ነው የሚመጣው። ገዢው ካርቶኑን ከፍቶ መሣሪያውን ያወጣል፣ ድመቷ ወዲያው ትገባለች፣ ሁለቱም የተፈለገው ዕቃ ደረሰ ብለው ይደሰታሉ።

በ1984 የተቀረጸና በ2007 ለዓለም የተሠራጨ አንድ ቪዲዮ አለ፤ ፋትሶ የተባለች ድመት ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሳ ኪቦርድ ትጫወታለች። የባለቤቷ እጅ ከሸሚዙ ሥር ሆኖ መዳፎቿን ያንቀሳቅሳል እንጂ እሷ አልተጫወተችም የሚል ትችት ይቀርባል። ይህ ትችት ከኛ ጋር ነው የሚሰለፈው። ማን ከፊት ተቀመጠ፣ ማን ከሥር ተደብቆ ለፋ?

የቀረው የፀጉር ጉዳይ ነው። ጠጋኞች እንደሚሉት የድመት ፀጉር ቁልፍ ሥር ገብቶ ግንኙነቱን ያበላሻል፤ ለድመት የተሠራ ነገር እንዴት በድመት ይበላሻል? ሶፋም የሚጎደጉደው ባለቤቱ በሚቀመጥበት በኩል ነው። ማኑዋሎቹንም ማየት ይገባል። የአበባ ማስቀመጫ፣ ውኃ የያዘ ብርጭቆ፣ የሚነድ ሻማ መሣሪያው ላይ እንዳይቀመጥ በግልጽ ይከለክላሉ፤ ከባድ ዕቃም እንዲሁ። ሻማ እስከ መዘርዘር የደረሰ ጸሐፊ ድመትን የዘነጋ ነው ማለት ይከብዳል፤ ዕቃ ስላልሆነች አልጠራትም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምነው በሚዲ ውስጥ ያለው 123ኛ ትእዛዝ ነው፤ የተያዘውን ኖታ ሁሉ በአንድ ጊዜ ልቀቅ ይላል። ብዙ መሣሪያዎች ለዚህ ሥራ “ፓኒክ” የሚባል መጫኛ አላቸው። ጣቱን ማንሣት የሚችል ሰው የጫነውን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያስለቅቅ ትእዛዝ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የጫነው እሱ ካልሆነ ነው። መጫኛው የት ይቀመጥ በሚለው ላይ አምራቾቹ እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ ሜኑ ውስጥ ያደርገዋል። የትም ያድርጉት፣ በተፈለገ ሰዓት ከድመቷ ሆድ ሥር ነው።